ኦቴሎን ጥላሸት አትቀቡት

(ወጣቱ በዳንግላ የተማሪዎች ቴአትር ክበብ ውስጥ ይሠራል። እንጅባራ ወዳሉት ጡረተኛ መምህር ዘንድ ምክር ሊጠይቅ መጥቷል።)

ወጣት፦ ጋሼ፣ ኦቴሎ የተባለውን ቴአትር ልናሳይ ነው። ባለታሪኩ ጥቁር ስለሆነ ተዋናዩን ጥላሸት ልንቀባው አስበናል።

ጋሼ፦ ጥላሸት? ነጮቹን ኢያጎንም ካሲዮንም የምትጫወቱት እናንተው አይደላችሁም? መቀባት የእንግሊዞች ጣጣ ነው። ድርሰቱ እ.ኤ.አ. በ1604 በለንደን ቤተ መንግሥት ከታየ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ነጮች ፊታቸውን እያጠቆሩ ተጫወቱት።

ወጣት፦ ጥቁር ተዋናይ አልነበረም?

ጋሼ፦ መጣ እንጂ! አይራ አልድሪጅ፣ የኒው ዮርክ ተወላጅ። በ1833 ስመ ጥሩው ተዋናይ ኤድመንድ ኪን በለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ቴአትር ቤት ኦቴሎን ሲጫወት ልጁ ክንድ ላይ ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በእሱ ቦታ አልድሪጅ ገባ። ያኔ ጋዜጦቹ ተነሡበት። ነጭ ተዋናይት በጥቁር እጅ መነካቷን ነውር አደረጉት። ሁለት ምሽት ብቻ ተጫውቶ ቀረ። ዛሬም ይህ ሲነሣ "አቅም አንሶት ነው" የሚል አይጠፋም። ሐሰት ነው! አቅም ያነሰው ሰው አውሮፓን ያዳርሳል? የሴንት ፒተርስበርግ ተመልካች ያጨበጭብለታል? በ1867 ፖላንድ፣ ሎድዝ ከተማ ላይ ሞት የቀደመው ለሥራ እንደወጣ ነው። ያን ሰው ቆዳውን አይተው ከለከሉት፤ በቀለም የተቀባውን ግን አመሰገኑት። ታላቁ ተዋናይ ሎሬንስ ኦሊቪዬ እንኳ በ1965ቱ ፊልም ተቀብቶ ነው የወጣው። ይህን ልትወርሱ ነው?

ወጣት፦ ቴአትሩ ወደ እኛስ እንዴት መጣ?

ጋሼ፦ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተረጐመው፤ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ታየ። እኛ መድረክ ላይ ሁሉም አንድ መልክ ነው። ቀለሙ ሲወጣ ምን ይቀራል? ኢያጎ! ሹመቱ ለካሲዮ ስለተሰጠበት ቂም የቋጠረ፣ ሚስቱ ያነሣችለትን የኦቴሎን ሚስት መሐረብ ካሲዮ ቤት የጣለ፣ በሐሜት ትዳር ያፈረሰ ሰው። ጌታውን ኦቴሎን ያሸነፈው ከጥቁረቱ ይልቅ ስላመነው ነው። ሹመት የተነፈገ ሰው ምቀኝነት እዚህ አዊ ውስጥ ትርጓሜ አያሻውም፤ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ቃል ያውቀዋል።

ወጣት፦ ኢያጎን የሚጫወተውን ገና አልመረጥንም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ጥላሸቱን ተዉት። ከመካከላችሁ አንደበቱ የሚጣፍጠውን፣ ሁሉም የሚያምነውን ልጅ ኢያጎ አድርጉት። ኦቴሎን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።