መዝገቡ የማያየው ጥናት

ጥያቄ፦ ልጄ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ኮሌጅ ይማራል። መምህሩ፣ ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚቀርብበትን መድረክ ጠቅሶ፣ «ሙድል ላይ የምትገባው አልፎ አልፎ ነው፤ አታጠናም» አለው። እኔ ግን ሌሊቱን ሲያነብ አየዋለሁ። ማንን ልመን?
አንዲት እናት

መልስ፦ የሙድል መዝገብ ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ሙድል ተማሪው በስሙ ሲገባ ሰዓቱንና የከፈተውን ገጽ ይይዛል፤ ማንበቡን ግን አያውቅም። አንዱ ተማሪ ዋይፋይ ያለበት ቦታ የትምህርቱን ፒዲኤፍ አውርዶ በቴሌግራም ለአምስት ጓደኞቹ ቢልክ፣ መዝገቡ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። ዳታ ለመቆጠብ ይህን የማያደርግ ተማሪ ካለ አሳዩኝ! ገጹን ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ የወጣው ግን ትጉ ተብሎ ይመዘገባል።

ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲህ ያለ መዝገብ የሚለውን ሲተረጉሙ ተሰናክለዋል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መብራት እንዲህ ባለ መዝገብ ተመርኩዞ የሚያስጠነቅቅ «ኮርስ ሲግናልስ» የተባለ ሥርዓት ነበረው። ትምህርት የሚያቋርጡትን ቀነሰ ተብሎ ተወደሰ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ተቺዎች ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ፦ ብዙ ዓመት የቆየ ተማሪ ሥርዓቱ ያለባቸውን ብዙ ኮርሶች መውሰዱ አይቀርም።

ስለዚህ ልጅዎ መምህሩን መዝገቡን እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ የፈተና ውጤቱንም ጎን ለጎን ይዩት። ውጤቱም ዝቅ ካለ መምህሩን አይቀየሙ፤ ሌሊት ስልክ ይዞ ማምሸት ሁሉ ጥናት አይደለም። በመዝገቡ ብቻ ነጥብ ከተቀነሰበት ግን፣ ይህ በኮርሱ መጀመሪያ ተነግሮት እንደነበር በጽሑፍ ይጠይቅ።