የተሰፋ ቁስል አጠባበቅ

በእኛ በለገዳዲ ማታ ማታ ጅብ ስለሚጮኽ፤ ውሻ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው። የእኛም ቡቺ ቤታችንን በታማኝነት ትጠብቃለች። ሆኖም በወለደች ቁጥር ቡችሎችዋን የሚወስድ እየጠፋ፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ባለቤትና ክትባት የሌለው ውሻ ደግሞ ለእብድ ውሻ በሽታ መዛመት ምክንያት ይሆናል። በዓለም ላይ ይህ በሽታ ከሚይዛቸው ሰዎች ከመቶ 99 ያህሉ የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ቡቺን በእንስሳት ሐኪም አስመከንናት።

ሴት ውሻን ማምከን ማለት ብዙውን ጊዜ ሆድዋን ከፍቶ የእንቁላል ዕጢዎችዋንና ማሕፀንዋን ማውጣት ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሆድን ጡንቻ፤ ቀጥሎ ከቆዳ ሥር ያለውን፤ በመጨረሻም ቆዳውን ይሰፋል። ቁስሉ ከላይ ሲታይ አንዲት ቀጭን መስመር ቢመስልም፤ የውስጡ ስፌት የሆድ ዕቃን የያዘ ነውና ከ10 እስከ 14 ቀን ጥበቃ ያስፈልገዋል።

ሐኪሙ ቁስልዋን እንዳትልስ በአንገትዋ ላይ እንደ ጥሩምባ አፍ የሰፋ ፕላስቲክ አሰሩላት። በ3ኛው ቀን ስትበላ ስትቸገር አይቼ አዘንኩና ፈታሁላት። አያቴም «ተዋት ልጄ፤ የውሻ ምላስ መድኃኒት ነው» አሉ። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ግን ሁለት ስፌት በጥሳ፤ ቁስሉ ተከፍቶ ደም ይወርድ ነበር። ደግነቱ የውስጡ ስፌት አልተነካም፤ ሐኪሙ እንደገና ሰፉላት።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ስሕተቴ የተማርኩትን እነሆ፦

1ኛ/ የአንገቱ መከላከያ ሌትም ቀንም አይውለቅ። ምላስ ጀርም ያስገባል፤ ጥርስም ክሩን ይበጥሳል። መከላከያው ከአፍንጫዋ አልፎ መውጣት አለበት።

2ኛ/ መሮጥና መዝለል ስፌቱን ይስባል፤ ለሽንት እንኳ በገመድ ይዞ ማውጣት ይገባል።

3ኛ/ መኝታዋ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ ገለባ ቁስል ውስጥ ስለሚገባ የታጠበ ጨርቅ ይሻላል። ክሩ እስኪወጣም ገላዋ አይታጠብ።

4ኛ/ ጠዋትና ማታ ቁስሉን መመልከት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጥቂት መቅላት ያለ ነው፤ እብጠቱ ቢጨምር፤ መግል ቢወጣ፤ ቢሸት፤ ወይም ምግብ እንቢ ብትል ግን ለሐኪም መንገር ያሻል።

5ኛ/ ቅቤ፤ አመድ ወይም ነጭ ጋዝ አይደረግበት። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻም አይሰጥ፤ ድመትንማ አንዲት የፓራሲታሞል እንክብል ልትገድል ትችላለች።

ውሻ ደጃፍ አታልፍም ይሉ የነበሩት አያቴ፤ ከዚያ በኋላ ቡቺን ማድ ቤት አስተኝተው ሌሊት እየተነሡ ያዩዋት ነበር። በሁለተኛው ስፌት በ14ኛው ቀን ክሩ ወጣ፤ ዛሬ ቡቺ እንደ ቀድሞዋ በር ላይ ናት።

እኔ ያዘንኩላት መስሎኝ ጎዳኋት። ርኅራኄም ዕውቀት እንደሚያስፈልገው ያን ጊዜ ተረዳሁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ የታዘዘውን ከመጀመሪያው መፈጸም ይበጃል።