ስለ አበባ ተክሎች ዝምድና

በላስታ ምድር ገደሉን ይዞ የሚበቅለውን ቁልቋል የማያውቅ ልጅ የለም። በራያና በትግራይ የሚበዛውን፣ ፍሬው የሚበላውን እሾሃሙን በለስም ብዙ ሰው ቁልቋል ብሎ ይጠራዋል። ኹለቱም ግንዳቸው ወፍራምና ውሃ ያዘለ፣ እሾሃቸውም የበዛ ነውና ልጆች ወንድማማች ናቸው ቢሉ አይፈረድባቸውም። ዳሩ ግን በለስ የለመደ ልጅ፣ ይህም ያው ነው ብሎ የቁልቋልን ወተት ነክቶ ዓይኑን ቢያሽበት ብርሃኑን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መምህሩ የተክሎችን ዝምድና አጣርቶ ማወቁ ለስም ያህል ብቻ አይደለም።

በቀድሞ ጊዜ ሊቃውንት ተክሎችን የሚለዩት በመልካቸው ነበር። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 (ዓመታቱ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ የአበባውን ወንዴና ሴቴ ክፍሎች እየቈጠረ በየወገኑ አኖራቸው። ይህ ለመቍጠር ይመቻል እንጂ ዘርን አያሳይም። ከርሱ በኋላ የተነሡት አበባውን፣ ፍሬውንና ዘሩን አንድ ላይ መርምረው ቁልቋልና በለስ ልዩ ልዩ መኾናቸውን ዐውቀው ነበር፤ የብዙ ተክሎች ዘመድ ማን እንደ ኾነ ግን ሲያከራክር ኖረ።

ዛሬ የሚመረመረው ዘረ መል የሚባለው ነው። ይኸውም በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ያለ፣ በአራት ፊደላት ብቻ እንደ ተጻፈ ረጅም መጽሐፍ የሚቈጠር ነገር ሲኾን፣ ከወላጅ ወደ ልጅ እየተገለበጠ ይተላለፋል። የላሊበላ ሽማግሌዎች ይህን ከማንም ይልቅ ቶሎ ያስተውሉታል። አንድ ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ቃል ቢገድፍ፣ ከርሱ ቅጂ የሚገለበጡት ኹሉ ያንኑ ግድፈት ይይዛሉ። በኹለት ዳዊቶች ያው ግድፈት በያው ስፍራ ቢደጋገም፣ ከአንድ እናት መጽሐፍ መውጣታቸው ይታወቃል፤ የብራናው ንጣትና የማኅደሩ ማማር ግን ይህን አያስረዳም። በተክልም ዘንድ መልክ እንደ ማኅደሩ ነው፤ ዘር የሚታወቀው በግድፈቱ ነው።

በ1993 ማርክ ቼዝና ባልደረቦቹ፣ ቅጠልን አረንጓዴ በሚያደርገው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያለውን አንዱን ዘረ መል ይዘው ወደ 500 የሚጠጉ ተክሎችን አስተያዩ። በ1998 ከልዩ ልዩ አገር የተባበሩ ሊቃውንት በዚህ ዐይነት ምርመራ አዲስ ሥርዐት አወጡ፤ እርሱም በ2003፣ በ2009 እና በ2016 ታረመ። በ2016ቱ እርማት የአበባ ተክሎች በ416 ቤተ ሰቦችና በ64 ነገዶች ተመድበዋል።

በዚህ ሥርዐት ቁልቋል የጉሎና የብሳና ቤተ ሰብ ነው። ለምጣድ ማሰሻ የሚኾነው የጉሎ ፍሬ ለሚበላው መርዝ መኾኑ የታወቀ ነው፤ ክፉ ጭማቂ በዚህ ቤት ብዙ ነው። በለስ ግን ከእንዶድና ከቀይ ሥር ነገድ ነው። የቀይ በለስና የቀይ ሥር ቅላት ከአንድ ዐይነት ቀለም የመጣ ነውና፤ ይህም ቀለም ከዚህ ነገድ በቀር በሌላ የአበባ ተክል አይገኝም። ቁልቋልን በአፍሪካ፣ በለስን በአሜሪካ አንድ መልክ ያስያዛቸው ዝምድና ሳይኾን ድርቅ ነው። ልጆች በእሾሁ ሊለዩአቸው ይችላሉ፤ የቁልቋል እሾህ ጥንድ ጥንድ ኾኖ ይበቅላል፣ የበለስ እሾህ ግን ከአንዲት ትንሽ ነጥብ በዘለላ ይወጣል። ወተቱን መምህሩ ራሱ በቢላዋ ጫፍ ያሳይ እንጂ ልጆች አይንኩት።

ጎመን፣ ሰናፍጭና ፌጦ ከሽፈራውና ከፓፓያ ጋር አንድ ነገድ መኾናቸውም ጸንቷል፤ የፓፓያን ዘር ያኘከ ሰው የፌጦን ማቃጠል ያገኝበታል።

ምርመራው አንዳንድ ጊዜ ስም ያናጋል። አካሲያ ይባል የነበረው ወገን አንድ ዘር አለመኾኑ በታወቀ ጊዜ፣ በ2005 ተወስኖ በ2011 በጸናው ፍርድ ስሙ ለአውስትራሊያ ዛፎች ቀረ፤ ለአፍሪካ ግራሮች ሌላ ስም ተሰጣቸው። ስሙ አስቀድሞ የወጣው ለግብፅ ግራር ነበርና ፍርዱ ለእኔ ያደላ ይመስለኛል።

ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚቆመው ጅብራ ዘንባባ ይመስላል፤ ነገር ግን በወገኑ ውስጥ ከስንዝር የማይበልጡ ተክሎች አሉ። ዘረ መሉም በኬንያና በኪሊማንጃሮ ተራሮች ካሉት ረጃጅም ዘመዶቹ ጋር አንድ ምንጭ እንዳለው አሳይቷል። ጅብራ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይበቅልም፤ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ተራራው ባወጣ ጊዜ፣ ያበበውን ጅብራ ዘሩን ሳያፈስ እንዳይቈርጡት ያስጠንቅቅ።