ስለ እነርሱ፣ ለእነርሱ

የዛሬው ትምህርታችን ከአንዲት ፊደል ይነሣል። «ስለ ሙስሊሞች ጻፈ» በምንለውና «ለሙስሊሞች ጻፈ» በምንለው መካከል ያለችው ልዩነት «ስ» ብቻ ናት። ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች በአሥራ አራት ክፍለ ዘመናት ውስጥ የተጻጻፉትን መመርመር የሚፈልግ ተማሪ ግን ማንኛውንም መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ይህችን ፊደል ይፈልግ። ስለ ሌላው የሚጽፍ ሰው አንባቢው የራሱ ወገን ነው፤ ቢሳሳት የሚያርመው የለም። ለሌላው የሚጽፍ ሰው ቃሉ የሚደርሰው ከባለቤቱ እጅ ነውና የዚያን ሰው መጽሐፍ ማንበብ፣ ቋንቋውን ማወቅ፣ የሚያከብረውንም ለይቶ መረዳት ግድ ይሆንበታል።

ከጽሑፍ በፊት ንግግር ነበረ። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው ወደ አገራችን ሲመጡ የሆነውን በዝርዝር ያቆየልን የነቢዩ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኢስሐቅ ነው። እርሱም የሚተርከው ከስደተኞቹ አንዷ ከነበረችው ከኡሙ ሰለማ በተላለፈ ቃል ነው። በዚያ ትረካ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በንጉሡ በነጃሺ ፊት ቆሞ ቁርኣን አንብብ ሲባል ያነበበው የመርየምን ሱራ ነው። ከብዙ ሱራዎች መካከል ይህን ማንበቡን ልብ በሉ። የቆመው በክርስቲያን ንጉሥና በጳጳሳቱ ፊት ነበርና ሊሰሙት የሚችሉትን አነበበላቸው። እንግዲህ «ለ» የምንለው ይህ ነው።

መጻፍ ሲጀመር ግን «ስለ» ቀደመ። ቤተሰቡ በኡመያ ኸሊፋዎች የገንዘብ አስተዳደር ያገለገለው የደማስቆው ዮሐንስ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን መናፍቃንን በዘረዘረበት የግሪክኛ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለ እስልምና አንድ አጭር ምዕራፍ አስገባ። እስልምናን የቈጠረው ከመናፍቃን እንደ አንዱ ነው። ቋንቋው ግሪክኛ፣ አንባቢውም ክርስቲያን ነበር። ከሙስሊሙ ወገንም ለምሳሌ አል-ጃሒዝ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖችን የሚቃወም ጽሑፍ ጽፏል። እንዲህ ያሉት ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ብዙ አንቆይም።

ቆም ብለን ማየት የሚገባን በባግዳድ የሆነውን ነው። የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ቀዳማዊ ጢሞቴዎስ በ780ዎቹ መጀመሪያ ከኸሊፋው አል-መህዲ ጋር ሁለት ቀን ተወያየ። በኋላም ውይይቱን በሱርስት ጽፎ ለአንድ ክርስቲያን ወዳጁ ላከ። እንዲህ ከሆነ ጽሑፉ ከ«ስለ» ወገን ነው ሊባል ይችላል፤ በውስጡ የተመዘገበው ቃል ግን ለኸሊፋው የተነገረ ነው። አል-መህዲ ስለ ሥላሴ ሲጠይቀው ጢሞቴዎስ ንጉሡ ከቃሉና ከመንፈሱ ጋር አንድ ንጉሥ እንጂ ሦስት ነገሥታት እንዳልሆነ፣ ፀሐይም ከብርሃኗና ከሙቀቷ ጋር አንዲት ፀሐይ እንደሆነች መለሰለት። የእኛ ተማሪ ይህን ሲሰማ ከምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት የሚያውቀው የፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት፣ ልብ፣ ቃልና እስትንፋስም ትዝ ይሉታል። በጉባኤ ቤት ለምእመናን የሚነገረው ምሳሌ በባግዳድ ቤተ መንግሥት ለሙስሊም ንጉሥ መልስ ሆኖ ቀርቦ ነበር ማለት ነው። ስለ ነቢዩ ሙሐመድ ምን ትላለህ ሲባልም በነቢያት መንገድ ሄደ ብሎ በአክብሮት መለሰ እንጂ ክርስትናውን አልተወም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ አንድ አንቀጽ እንግባ፤ የትምህርታችን ልብ እዚህ ነው። የቁርኣን አራተኛ ሱራ፣ አን-ኒሳእ፣ በ171ኛው አንቀጽ የመርየምን ልጅ ዒሳን የአላህ መልእክተኛ፣ ወደ መርየም የተጣለ ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ይለዋል። ያው አንቀጽ ሳያልቅ «ሦስት» ማለትን ይከለክላል። ክርስቲያኑ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይጠቁማል፤ ሙስሊሙ ወደ ሁለተኛው። ሁለቱም ጣታቸውን ያኖሩት በአንድ ገጽ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1200 አካባቢ የሲዶን ጳጳስ የነበረው የአንጾኪያው ጳውሎስ ለሙስሊም ወዳጁ ብሎ በዐረብኛ በጻፈው ደብዳቤ ይህን አንቀጽና ሌሎች ብዙ የቁርኣን ቃላትን እየጠቀሰ ይከራከራል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ መጽሐፋችሁ ራሱ ክርስቶስን የእግዚአብሔር ቃል ካለው፣ የእግዚአብሔርም ቃል ፍጡር ካልሆነ፣ እኛ የምናምነውን እናንተም ታነባላችሁ። ደብዳቤው በቆጵሮስ ተስፋፍቶ ተጻፈና እ.ኤ.አ. በ1316 ደማስቆ ለነበረው ለሙስሊሙ ሊቅ ለኢብን ተይሚያ ተላከ።

ኢብን ተይሚያ የመለሰው በብዙ ቅጽ ነው። መልሱን ሳናቃልል እንስማው። አንደኛ፣ ዒሳ ቃል መባሉ ራሱ ቃሉ ስለሆነ ሳይሆን ያለ አባት «ኹን» በሚል ቃል ስለተፈጠረ ነው፤ አደምም ያለ አባት ተፈጥሯል። ሁለተኛ፣ «ከእርሱ የሆነ መንፈስ» ሲባል ማክበር እንጂ ከባሕርይው መከፈል አይደለም፤ ካዕባ የአላህ ቤት፣ የነቢዩ ሷሊሕ ግመል የአላህ ግመል እንደሚባሉ ያለ ነው። ክርስቲያን አንባቢ ይህን መልስ ባይቀበለውም ሳያውቀው መከራከር የለበትም። የማያውቀውን የሚከራከር ሰው ጠላት ብሎ ከሳለው ምስል ጋር ነው የሚታገለው፤ ከወንድሙ ጋር ገና አልተገናኘም።

በሙስሊሙ በኩልም የሌላውን መጽሐፍ የገለጠ አለ። እ.ኤ.አ. በ1480 ያረፈው የካይሮው አል-ቢቃዒ ቁርኣንን ሲተረጕም ከኦሪትና ከወንጌል ረዘም ያሉ ክፍሎችን ይጠቅስ ነበር። የራሱ ወገኖች ስለነቀፉት ይህን ማድረግ እንደሚገባ የሚያስረዳ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። የጎረቤቱን መጽሐፍ በአክብሮት ያነበበ ሰው ለጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም መልስ መስጠት ይኖርበታል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ ከኢማም አሕመድ ጦርነት የተነሡ ሁለት መጻሕፍት ተጻፉ። አንዱ ዐረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቀው ሺሃቡዲን በዐረብኛ የጻፈው ፉቱሕ አል-ሐበሻ ነው፤ የኢማሙን ዘመቻዎችና የአብያተ ክርስቲያናትን መቃጠል በድል አድራጊው ዓይን ይተርካል። ሌላው የእጨጌ ዕንባቆም አንቀጸ አሚን ነው።

ዕንባቆም በየመን የተወለደ፣ ስሙም አቡል ፈትህ የነበረ ሰው ነው። በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ክርስቲያን ሆነ፤ ደብረ ሊባኖስ ገብቶ መነኰሰ፣ የገዳሙም እጨጌ ለመሆን በቃ። ደብረ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማሙ ጦር ተቃጠለች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1540፣ ይህ መነኩሴ ብዕር አንሥቶ ለኢማም አሕመድ ጻፈ። ስለ እርሱ ሳይሆን ለእርሱ። ልጅ ሆኖ የሰማውን ቁርኣን እየጠቀሰ፣ ክርስቶስ በዚያ መጽሐፍ ቃልና መንፈስ መባሉን እያስታወሰ፣ ስለ እምነቱ ተከራከረ። ለስላሳ መጽሐፍ አይደለም፤ የሚሟገትበት ቦታ ብዙ ነው፣ ሙስሊም አንባቢ የሚያዝንበትም አለ። ግን ገዳሙ የተቃጠለበት ሰው ለአቃጣዩ ምክንያት ማቅረቡ፣ ይሰማኛል ብሎ መገመቱ፣ በራሱ አንድ ነገር ነው። እኔ አንቀጸ አሚንንና ፉቱሕን አንድ ላይ የማያነብ ተማሪ የዚያን ዘመን ግማሹን ብቻ ያውቃል እላለሁ።

ያው ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 የበረላምንና የይዋሴፍን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። ታሪኩ ከሕንድ የተነሣ፣ በቡድሃ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሙስሊሞች በዐረብኛ አንብበውታል፣ ክርስቲያኖችም ከእነርሱ ተቀብለው የቅዱሳን ታሪክ አድርገውታል። የክርክር መጽሐፍ የጻፈችው እጅ ይህንንም ጻፈች።

ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም በአማርኛ ይነበባሉ። የቁርኣን የአማርኛ ትርጕም በ1961 ዓ.ም. ታትሟል። አንባቢ ሆይ፣ ሙስሊም ጎረቤት ካለህ ፈቅዶልህ አን-ኒሳእን አብራችሁ ግለጡ፤ ወደ 171ኛው አንቀጽም ውረዱ። «ቃሉ» በሚለው አጠገብ ተርጓሚዎቹ በቅንፍ ያስገቡትን ታያለህ፦ «ኹን»። ኢብን ተይሚያ ለቆጵሮስ ክርስቲያኖች የመለሰው መልስ በዚያች ቅንፍ ውስጥ ነው። ጎረቤትህ ለምን ቅንፍ እንዳስፈለገ ያስረዳህ፤ አንተም ዮሐንስ ወንጌሉን ለምን በቃል እንደጀመረ ንገረው።