የቀድሞ የኢትዮጵያ ሸክላዎች ዋጋ አተማመን በበይነ መረብ ዘመን

የምዕራብ ጎንደር ሰሊጥ በጥራት ደረጃ ተመድቦ የዕለት ዋጋ ይወጣለታል። የቀድሞ የሙዚቃ ሸክላ ግን ቅጂው ሁሉ በጭረቱና በልባሱ ስለሚለያይ እንዲህ ያለ የጋራ ዋጋ የለውም።

አምሃ እሸቴ ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አውጥቷል፤ ኅትመቱም በመጀመሪያ በሕንድ፣ ኋላም በሊባኖስ ይከናወን ነበር። የቀዳሚው ኅትመት ቁጥር ከእንግዲህ አይጨምርም። ፈላጊው ግን በ«ኤትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞችና የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች በተሰሙበት የ2005 ፊልም፣ «ብሮክን ፍላወርስ»፣ አማካይነት በዓለም ዙሪያ በዝቷል።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያመለከተው የመረጃ አለመመጣጠን በዚህ ገበያ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ የአገር ውስጥ ሻጭ የውጭውን ዋጋ ላያውቅ ይችላል፣ የውጭ ገዢም የሸክላውን ይዞታ በዓይኑ አያይም። በይነ መረብ የመጀመሪያውን ክፍተት ቢያጠብም ሁለተኛውን አይዘጋም። በተጨማሪም ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ምኞት እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃ የሚሆነው የተፈጸመ ሽያጭ ነው። እምብዛም የማይሸጥ ሸክላ ከሆነ ደግሞ አንድ ሽያጭ ብቻውን የገበያ ዋጋን አያሳይም።

ስለሆነም ሻጭ የተፈጸሙ ሽያጮችን ማነጻጸር፣ ገዢም የሸክላውን ድምፅ አስቀድሞ መስማት ይገባቸዋል። ከሽያጭ በፊት ድምፁ ተቀድቶ በቤተ መዛግብት ቢቀመጥ፣ ሸክላው ከአገር ቢወጣም ሥራው ለተመራማሪ ይቀራል።