ጉርድ ፎቶግራፍና ሌንስ፤ የርካሹና የውዱ ልዩነት

ፎቶግራፍ ማንሳት የጀመሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ። ይኸውም «ለጉርድ ፎቶግራፍ ርካሹ ሌንስ ይበቃል ወይስ ተበድሮም ቢሆን ውዱን መግዛት ይሻላል?» የሚል ነው። በሰሊጥ አጨዳ የተገኘ ገንዘብ ሁለት ጊዜ አይወጣምና ጥያቄው በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ሁለት የካነን ሌንሶችን እናወዳድራለን።

የመጀመሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። ሲወጣ ዋጋው 125 ዶላር ገደማ ነበር፤ ክብደቱ 160 ግራም ያህል ነው። ሁለተኛው በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.2 ሲሆን፣ በአዲስነቱ ወደ 2,000 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ከአንድ ኪሎ በላይም ይመዝናል። የኤፍ ቁጥር ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 50ውን ከ85 ጋር ማወዳደራችን አያስገርማችሁ፤ ብርሃን መቀበያው አነስተኛ በሆነ የካነን ዲጂታል ካሜራ ላይ 50ው እንደ 80 ሆኖ ይሠራል።

ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ነው። ውዱ ያን ጊዜም ዓይንን አጥርቶ ያወጣል፤ ከበስተጀርባ ያለውን አጥርና ድንኳን እንደ ጉም ያለዝበዋል። ማታ በአንድ አምፑል ብርሃን ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ርካሹ ግን ትንሽ ይደበዝዛል፤ የፎቶውም ማዕዘኖች ይጠቁራሉ። ሆኖም ሁለቱንም ወደ ኤፍ 5.6 ስናጠብባቸው ፎቶዎቹን መለየት ያስቸግራል። በጉርድ ፎቶግራፍ ማዕዘን ላይ የሚገኘውም ግድግዳ እንጂ ፊት አይደለም።

የፋሽጋና የገዳሪፍ ፀሐይ ደግሞ የውዱን ብልጫ ታሳንሰዋለች። በቀትር ፀሐይ፣ በአይ ኤስ ኦ 100፣ በኤፍ 1.2 ለማንሳት ሻተሩ ከሰከንድ 1/16,000ኛ በላይ መፍጠን ይኖርበታል። ብዙዎቹ ካሜራዎች ግን 1/4,000 ወይም 1/8,000 ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ያን ሁሉ ገንዘብ ያስወጣው ቀዳዳ ተመልሶ ሊጠብብ ነው! በጥላ ሥር ብንከፍተውም እንኳ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ጠርቶ የሚወጣው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ብቻ ነው። እናት ልጇን አቅፋ ስትቀመጥ ከሁለቱ አንዱ ይደበዝዛል። ድንበር ተሻግሮ ለአያት የሚላከው ፎቶ አንድ ብቻ ከሆነ የማን ፊት ይደብዝዝ?

ውድ ሌንስ ሁሉ አቧራ አያስገባም የሚባለውም ትክክል አይደለም። ከላይ የጠቀስነው 85 የአቧራ መከላከያ ጎማ የለውም።

በእኛ አስተያየት ጉርድ ፎቶን ይበልጥ የሚያበላሹት ብርሃንና ርቀት ናቸው። ተነሺውን ከፀሐይ አውጥታችሁ ራኩባ ጥላ ሥር፣ ፊቱን ወደ ደጅ አዙራችሁ አስቀምጡት። ከኋላው ነጭ አንሶላ ከተሰቀለ ካሜራው በንጣቱ ተታልሎ ፊቱን ያጠቁረዋል፤ ብዙ ሰው በሌንሱ ያመካኛል እንጂ መፍትሔው ብርሃኑን አንድ ደረጃ ያህል መጨመር ነው። በስልክ የምታነሱም ወደ ፊት አትጠጉ፤ ቅርበት አፍንጫን ያተልቃል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁና በኋላ ቁረጡት።

ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ከሆነ ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ካያችሁ ተዉት። ከዚያም አንድን ፊት በኤፍ 1.8 እና በኤፍ 5.6 አንስታችሁ ሽፋሽፍቱን አስተያዩ። በ5.6 ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ከተለየ ሌንሱ ለጉርድ ሥራ ይበቃል።