ስለ ማኑካ ማር ደረጃና የሚስማማውን ስለ መምረጥ

ማኑካ የሚባለው ማር አገሩ ኒው ዚላንድ ነው። ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሰው በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ ሲመጣለት ያየዋል፤ የዋጋውንም ውድነት ሰምቶ ይደነቃል። በብልቃጡ ላይ 5 ወይም 10፥ አንዳንድ ጊዜም 263 ወይም 514 የሚል ቍጥር ተጽፎበታል። የቍጥሩን ፍች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው ቍጥሩ ከፍ ያለውን ማር የበለጠ ነው ብሎ ይገዛል። በቅርቡም አንድ የወረዳ ሹም ለጤና ጣቢያው ቍስለኞች ይህን ማር በመንግሥት ገንዘብ ልግዛን ወይስ ልተው ብለው ጠየቁን። የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነውና፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ማስረዳት ተገባን።

ማኑካ ቍጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ትንንሽና ሹል፥ አበባው ነጭ ሆኖ አንዳንዱ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። በኒው ዚላንድና በደቡብ ምሥራቅ አውስትራልያ ይበቅላል፤ የሚያብበውም በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ስሙን ያወጡለት የአገሩ ሰዎች ማኦሪዎች ናቸው፤ ቅጠሉንና ልጡንም ለመድኃኒት ያውሉት ነበር። ማሩን ግን አያውቁትም ነበር፤ ማር የምታከማች ንብ በዚያ አገር አልነበረችምና። የመጀመሪያዎቹን ቀፎዎች በ1839 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ሜሪ በምቢ የተባለች የአንድ ሚሲዮናዊ እኅት በመርከብ አምጥታ ሆኪያንጋ በሚባለው ስፍራ አስቀመጠች። እኛ ንብን ከአያት ከቅድመ አያት ጋራ እንደ ኖረች ቤተ ሰብ ስለምናያት፥ ማር የሌለበት አገር ነበረ ሲባል ይገርመናል።

የማኑካ ማር ወፍራምና የሚያያዝ ስለ ሆነ ከእንጀራው በቀላሉ አይወጣም፤ ጣዕሙም መረር ይላል። ስለዚህ ቀድሞ የሚወደድ ማር አልነበረም። ነገሩን የለወጡት የዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፒተር ሞላን ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ ባደረጉት ምርመራ ነው። አብዛኛው ማር ውሃ ሲነካው፥ ንቢቱ ከአፏ በጨመረችበት ቅመም ምክንያት፥ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚባል ተሐዋስያንን የሚገድል ነገር ያወጣል። ይህ ኃይል ግን በሙቀት ይጠፋል፤ በቍስል ውስጥ ባለው ደምም ይፈርሳል። ሞላን ይህን ኃይል ከማሩ አጥፍተው ቢመረምሩ፥ የማኑካው ማር ያን ሁሉ አጥቶም ተሐዋስያንን መግደሉን አልተወም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን ቈየ። በ2008 ዓ.ም. በጀርመን አገር በድሬስደን ቶማስ ሄንለና ባልደረቦቻቸው፥ በኒው ዚላንድም ሌሎች ሊቃውንት ለየብቻቸው መርምረው፥ የኃይሉ ምንጭ ሜቲልግሊዮክሳል የሚባለው ነገር መሆኑን ገለጡ።

ይህ ነገር ከአበባው እንዲሁ ተቀድቶ የሚመጣ አይደለም። በአበባው ወለላ ውስጥ ያለው ዳይሃይድሮክሲአሴቶን የሚባል ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ማሩ በቀፎና በጎተራ ሳለ ቀስ በቀስ ወደ ሜቲልግሊዮክሳል ይለወጣል። ጠጅ የሚጥሉ እናቶቻችን ይህን በቀላሉ ያስተውሉታል፤ ጥንስሱ ዕለቱን ጠጅ አይሆንም፥ ከመጠን ያለፈ የሰነበተውም ይኮመጥጣል። የማኑካ ማርም ገና ሲቈረጥ ቍጥሩ ትንሽ ነው፤ ሲቀመጥ ከፍ ይላል፤ ብዙ ዘመን ሲያልፈው ደግሞ ይወርዳል። ቸኵሎ ቍጥሩን ለማሳደግ ማሩን ለማሞቅ የሚፈተን ነጋዴ አይጠፋም። ነገር ግን ሙቀቱ ራሱ ምስክር ይሆንበታል፤ ኤች ኤም ኤፍ የሚባለው ነገር በአዲስ ማር ውስጥ እጅግ ጥቂት ሲሆን በተሞቀና ባረጀ ማር ይበዛልና። ኮዴክስ የሚባለው የዓለም የምግብ ደንብ ይህ ነገር በአንድ ኪሎ ማር ከ40 ሚሊግራም፥ ከሞቃት አገር በመጣ ማር ደግሞ ከ80 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል።

አሁን ወደ ቍጥሮቹ እንመለስ። ሁለት ዐይነት መስፈሪያ አለ፤ የሚበዛውም ስሕተት የሚመጣው ሁለቱን ከማደባለቅ ነው። አንደኛው ኤም ጂ ኦ ይባላል፤ በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ስንት ሚሊግራም ሜቲልግሊዮክሳል እንዳለ በቀጥታ ይናገራል። ሁለተኛው ዩ ኤም ኤፍ የሚባለው የአንድ የኒው ዚላንድ የማኑካ ማር ማኅበር ምልክት ነው። ይህ ቍጥር መጀመሪያ የተወሰደው ፌኖል ከሚባለው የተሐዋስያን መግደያ ጋራ በማነጻጸር ነው፤ 10 ማለት የማሩ ኃይል ከመቶው 10 እጅ ፌኖል ያለበትን ውሃ ኃይል ያህላል ማለት ነበር። ሁለቱ ሲተያዩ ዩ ኤም ኤፍ 5 ከኤም ጂ ኦ 83 ጋራ፥ 10 ከ263፥ 15 ከ514፥ 20 ከ829 ጋራ ይስተካከላል። ከ5 ወደ 20 ሲወጣ ቍጥሩ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በማሩ ውስጥ ያለው ነገር ግን ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። ደግሞም ኤም ጂ ኦ 100 የተጻፈበትና ዩ ኤም ኤፍ 10 የተጻፈበት ብልቃጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ ያላወቀ ሰው 100 ያለበትን ያነሣል፤ የሚበልጠው ግን 10 ያለበት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት «ኃይል ያለው 15» የሚል ጽሑፍ አይቼ ለታመመች እናቴ አንድ ብልቃጥ በውድ ዋጋ ገዛሁ። በኋላ ሳስመረምረው 15 የተባለው ኃይል በማናቸውም ማር የሚገኘውን የፐርኦክሳይድ ኃይል ጨምሮ የተቈጠረ ሆኖ ተገኘ፤ የማኑካው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ አልተጻፈም ነበር። ነጋዴውን በውሸት ልከሰው አልችልም ነበር፤ የጻፈው ሁሉ እውነት ነውና። ስለዚህ ዩ ኤም ኤፍ ወይም ኤም ጂ ኦ የሚለው ስም ከቍጥሩ ጋራ ካልተጻፈ፥ ቍጥሩን እንዳልተጻፈ መቍጠር ይሻላል።

የኒው ዚላንድ መንግሥትም በ2017 ዓ.ም. የማኑካ ማር መለያ አወጣ፤ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ሁሉ በዚሁ እንዲመረመር አዘዘ። ቀድሞ የአበባውን ብናኝ በማየት ይለዩት ነበር። ነገር ግን ካኑካ የሚባል የማኑካ ዘመድ የሆነ ዛፍ አለ፤ የሁለቱ ብናኝ በዐይን የሚለይ አይደለም። ስለዚህ በማሩ ውስጥ የሚገኙ አራት ነገሮችና አንድ የዘር ምልክት እንዲመረመሩ ተወሰነ። ከአራቱ አንዱ በአንድ ኪሎ 400 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ማሩ የማኑካ ብቻ ይባላል፤ ከ20 በላይ ሆኖ ከ400 ያነሰው ከሌላ አበባ ጋራ የተደባለቀ ማኑካ ይባላል። ይህ መለያ ማሩ ማኑካ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ ኃይሉ ስንት እንደ ሆነ አይናገርም። ገዥው ሁለቱንም መጠየቅ አለበት።

ምርጫውስ? ለዳቦና ለሻይ የሚፈልገው ሰው ትልቅ ቍጥር አያስፈልገውም፤ ከ5 በታች የሆነው ወይም የተደባለቀው ይበቃዋል። ጣዕም ብቻ የሚሻ ከሆነ ግን የትግራይ ነጭ ማር ወይም የከፋ የገተም ማር፥ በእኔ አስተያየት፥ ከማኑካ ይጣፍጣል፤ ይህን ግን አገሬን በመውደድ ብዬ እንደ ሆነ አንባቢው ይፍረድ። ለጕሮሮና ለሳል ማንኛውም ንጹሕ ማር ያለሳልሳል። ቍጥሩ ምንም ቢበዛ ማር ስኳር ነውና፥ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይብላው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማናቸውንም ማር ማላስ አይገባም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ዘር በሕፃኑ አንጀት ውስጥ በቅሎ አካልን የሚያሰልል መርዝ ያወጣልና። ይህ የደረጃ ነገር አይደለም፤ 20 የተጻፈበትም እንደዚሁ ነው።

ስለ ቍስል የጠየቁት ሹም መልሳቸው ይህ ነው። የገበታ ማር ቍጥሩ ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ ለጤና ጣቢያ አይገዛም። ለቍስል የሚሆነው ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀው ነው፤ በውስጡ ያለው ዘር ሁሉ እንዲሞት ጋማ በሚባል ጨረር ይነጻል፤ በቱቦ ወይም በጨርቅ ላይ ተለብጦ ይሸጣል። በ2007 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ተቈጣጣሪዎች ከዚሁ ዐይነት ማር የተሠራ የቍስል መሸፈኛ እንዲሸጥ ፈቅደዋል። መግዛቱ የሚወሰነው በሐኪሙ ጥያቄ ነው እንጂ በነጋዴው ምክር አይደለም።

በአገራችን ማር ላይ የማኑካን ቍጥር ለመለጠፍ የሚያስቡ ሰዎች እንዳሉ ሰምተናል። ይህ አይሆንም፤ ቍጥሩ የአንድ ቍጥቋጦ ነውና። የእኛ ማር በ2008 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዲገባ ሲፈቀድ የሚመረመረው በሌላ ነገር ሆነ፤ ይኸውም በውሃው መጠን፥ በኤች ኤም ኤፍ፥ በንጽሕናውና መድኃኒት ያልነካው በመሆኑ ነው። ውሃው ከመቶ 20 እጅ የበለጠ ማር ይቦካል። ንቢቱ በሰም ያልከደነችው እንጀራ ውሃው ገና ስላልተነነ፥ ማር ቈራጮች ያልተከደነውን ለብቻ እንዲያኖሩት ሹማምንቱ በየገበያው ቢያስነግሩ፥ ለመላክ የተዘጋጀው ማር በመጋዘን ሳለ አይበላሽባቸውም።